ጀጁ ደሴትን በብስክሌት በ3 ቀን እንዴት መዞር ይቻላል?

ከኮሪያ ልሳነ ምድር በስተደቡብ የምትገኘው ጀጁ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረች ደሴት ስትሆን፣ ዙሪያዋን የሚያስኬደው የብስክሌት መንገድ 234 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ጉልበት ያለው ሰው ከ3 ቀን ባነሰ ጊዜም ይጨርሰዋል፤ ነገር ግን የደሴቲቱ ምግብና ኑሮ የሚታየው በየመንደሩ ሲወርዱ ስለሆነ ከ3 ቀን እንዳያሳንሱ አጥብቄ እመክራለሁ።

በመጀመሪያ ወቅቱን ይምረጡ። ሚያዝያና ግንቦት ወይም ጥቅምት ተስማሚ ናቸው፤ በሞቃቱ ወራት ዝናብና አውሎ ነፋስ፣ በብርዱ ወራት ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ ኃይለኛ ነፋስ ያስቸግራል።

ቀጥሎ በጀጁ ከተማ ብስክሌት ይከራዩ። ከመነሳትዎ በፊት ፍሬኑን፣ ማርሹንና ጎማውን ይፈትሹ፤ ትርፍ ካላማዳሪያም ይያዙ።

ጉዞውን በስተምዕራብ፣ ማለትም ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ይጀምሩ። በኮሪያ የሚነዳው በቀኝ በኩል በመሆኑ ባሕሩ ሁልጊዜ በቀኝዎ ይሆናል። አስፋልቱ ላይ የተቀባውን ሰማያዊ መስመር ይከተሉ፤ በመንገዱ ላይ ባሉት 10 የማኅተም ጣቢያዎችም ለብስክሌተኞች በተዘጋጀው የጉዞ ደብተርዎ ላይ ማኅተም ይምቱ።

የመጀመሪያውን ሌሊት በደቡብ ምዕራቡ ጥግ በሶንጋክሳን አካባቢ፣ ሁለተኛውን በደቡብ ምሥራቁ ዳርቻ በፕዮሶን ቢያድሩ የየቀኑ ጉዞ ከ70 እስከ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዳገቱ የሚበዛው በሁለተኛው ቀን በደቡቧ ከተማ በሶግዊፖ በኩል ነው።

ስለ ምግብ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ጀጁ በጥቁር አሳማዋ የታወቀች በመሆኗ፣ ጎጊ ጉክሱ የሚባለው የኑድል ሾርባ እንኳን የሚሠራው በአሳማ መረቅ ነው። አሳማ የማይበላ መንገደኛ ኦክዶም የተባለውን ጥብስ ዓሣ ይዘዝ፤ ቅርፊት ያለው፣ ሥጋው ለስላሳ ዓሣ ነው። ባክዊት ከተባለው እህል ሊጥ በስሱ ተጋግሮ በፍጅል የሚጠቀለለው ቢንግቶክ ለጾመኛም ሊሆን ይችላል፤ ምጣዱ በምን እንደሚታሰስ ግን ይጠይቁ።

በሦስተኛው ቀን በማለዳ ይነሱ፤ የጉዞው ልብ ያለው በዚህ በምሥራቁ ዳርቻ ነውና። 182 ሜትር ከፍታ ያለውን የሶንግሳን ጉብታ ካለፉ በኋላ በሃዶ መንደር የሄንዮዎችን ሙዚየም ይጎብኙ። ሄንዮ ማለት ያለ ኦክስጅን ሲሊንደር ባሕር ጠልቀው ቀንድ አውጣና የባሕር አረም የሚለቅሙ ሴቶች ሲሆኑ፣ ሙያቸው በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ከውኃው ሲወጡ የያዙትን ትንፋሽ የሚለቁበት የፉጨት ድምፅ ሱምቢሶሪ ይባላል፤ ባሕሩ ዳር ዝም ብለው ቢቆሙ ይሰሙት ይሆናል። ፎቶ ለማንሳት ከፈለጉ አስፈቅዱ፤ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸውና። ሴቶቹ ራሳቸው በሚያስተዳድሯቸው ምግብ ቤቶች ደግሞ ከለቀሙት የባሕር ቀንድ አውጣ የሚሠራ ጆንቦክጁክ የተባለ የሩዝ ገንፎ ይቀርባል።

ከዚያ ሃምዶክ ላይ የመጨረሻውን ማኅተም ከመቱ በኋላ ወደ ተነሱበት ከተማ የሚቀረው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።