ለነገ እግር አስቀሩ፦ በመጀመሪያው የብዙ ቀን የብስክሌት ውድድር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከጎንደር ደባርቅ። ከደባርቅ ጎንደር። ከጎንደር አዲስ ዘመን። በአራተኛው ቀን ደግሞ ከፒያሳ አዘዞ እየተመላለሱ የከተማ ዙር። የመጀመሪያው የብዙ ቀን ውድድሬ ይህ ነበር። የአንድ ቀን ውድድር ለምጄ ስለነበር፣ አራት ቀን ማለት ያው አንዱ ቀን አራት ጊዜ ነው ብዬ ገባሁ። ነገሩ ሌላ መሆኑ የገባኝ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። ደረጃ ለመውረድ ግድግዳ መያዝ ነበረብኝ።

በብዙ ቀን ውድድር የየቀኑ ሰዓት ይደመራል። በድምሩ ትንሽ ሰዓት የፈጀበት ያሸንፋል። 21 ምዕራፍ (ማለትም 21 የውድድር ቀን) ያለው ቱር ደ ፍራንስም፣ የእኛ የአራት ቀን ውድድርም በዚሁ ሕግ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ዛሬ በወኔ የተገኘች አስር ሰከንድ ነገ አስር ደቂቃ ልታስከፍል ትችላለች። ይህን በቃል የሚያውቀው ብዙ ነው። እግሩ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ከታች የጻፍኳቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰለፉ ልጆች እንዳትደግሟቸው ከልቤ እፈልጋለሁ።

በአንድ ቀን ልምምድ ለአራት ቀን መዘጋጀት

የእኔ ልምምድ ቅዳሜ ማክሰኚት ደርሶ መልስ በሙሉ ኃይል፣ እሑድ እረፍት ነበር። የቅዳሜው ምንም አይወጣለትም። ችግሩ እሑድ ነው። ሰውነቴ በዛለ እግር ፔዳል መምታት ምን እንደሆነ ሳያውቅ ውድድር ገባ።

ውድድሩ ሁለት ወር ሲቀረው ቅዳሜና እሑድን አያይዟቸው። ቅዳሜ ረጅም መንገድ፣ እሑድ በዚያው በደከመ እግር ወደ ኮሶዬ ሽቅብ። ከቻላችሁ አንድ ሁለቴ ሦስት ቀን አከታትሉ። እሑድ ፍጥነት አይጠበቅባችሁም። ሰውነት እንዲለምደው ብቻ ነው። የመጨረሻውን ሳምንት ግን ቀንሱ። በዚያ ሳምንት አዲስ ጉልበት አይመጣም፣ ድካም እንጂ።

የመጀመሪያውን ቀን እንደ መጨረሻው መንዳት

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። በመሃል 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፣ ከባድ ዳገት ያለበት። ከከተማ ስንወጣ መንገዱ ዳር ሰው ሞልቶ ነበር። የሰፈሬ ልጆች ስሜን እየጠሩ «በርታ! በርታ!» ይሉኛል። ልቤ ሞቀ። አራት ልጆች ከፊት ሲያመልጡ ተከተልኳቸው። ኮሶዬ ሳንደርስ ጥለውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ዋናው ቡድን ደረሰብኝና እሱም አለፈኝ።

ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። አንዴ ከአቅም በላይ ከወጣችሁ ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም። እኔ ዛሬ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ዳገት ላይ «አይዞን፣ ደርሰናል» የምትለዋን ነገር ሳትቆራርጡ ማለት ካቃታችሁ፣ ያ ፍጥነት የእናንተ አይደለም። ማርሹን አቅልሉና ልቀቋቸው። ከለቀቋችኋቸው ውስጥ ግማሾቹን ከሰዓት በኋላ ታገኟቸዋላችሁ።

ነፋስን ብቻ መጋፈጥ

ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ዳባት ያለው የወገራ አገር ገላጣ ነው። ነፋሱን የሚመልስ ነገር የለም። በቡድን መሃል ተከልሎ የሚነዳ ሰው፣ ከፊት ሆኖ ነፋስ ከሚቆርጠው ይልቅ አንድ ሦስተኛ ያህል ጉልበት ይቆጥባል። በአራት ቀን ሲባዛ ይህ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። እኔ ግን ሰው መጠጋት እፈራ ነበር። ቡድኑ ሲደርስብኝ እንኳ ወደ ጎን ወጥቼ ለብቻዬ ነፋሱን እገፋ ነበር።

ይህን ውድድር ላይ መማር አይቻልም። እሑድ ጠዋት መኪና ሳይበዛ ከአንድ ሁለት ጓደኛ ጋር ውጡ። በአንድ ሜትር ርቀት ጀምሩ፣ ስትለምዱ ግማሽ ሜትር አድርጉት። ዓይናችሁ የፊተኛው ሰው ጎማ ላይ አይተከል። በትከሻው አሻግራችሁ መንገዱን እዩ። የፊት ጎማችሁ ከእሱ የኋላ ጎማ ጎን ለጎን አይግባ። ድንገት ቢዞር የምትወድቁት እናንተ ናችሁ፣ እሱ አይደለም። ቡድን ውስጥ ፍሬን በኃይል መያዝ የኋላውን ሰው መጣል ነው። ፔዳል መምታቱን ተዉት፣ ደረታችሁን ቀና አድርጉ፣ ነፋሱ ራሱ ያቀዘቅዛችኋል። ነፋሱ ከቀኝ ከመጣ ደግሞ መጠለያው በቀጥታ ከኋላ ሳይሆን ከኋላ ወደ ግራ ነው።

እስኪርብ መጠበቅ

ዳባት መግቢያ ላይ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሪው ላይ ጣቶቼን አያቸዋለሁ፣ አይታዘዙኝም። ብርድ መሰለኝ። እናቴ በማር አሽታ የሰጠችኝ በሶ በጀርባ ኪሴ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። አልነካሁትም። ጠዋት ስላልራበኝ፣ ከዚያ ደግሞ ትንፋሼን ስላሳደድኩ።

አንድ በዕድሜ የሚበልጠኝ ተወዳዳሪ ከኋላ ደረሰና ፊቴን አየ። ምንም አልጠየቀኝም። ከኪሱ ሙዝ አወጣ፣ በጥርሱ ላጠው፣ ግማሹን ገምጦ ግማሹን ዘረጋልኝ። «ወንድሜ፣ ከራበህማ አለፈህ። ሳይርብህ ነው የሚበላው» አለኝ። ሙዙን ስውጥ እንባዬ መጣ። ለምን እንደሆነ ዛሬም ማስረዳት አልችልም። ሰውነት ስኳር ሲያልቅበት ልብም አብሮ ይደክማል መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተቀመጠው ስኳር በከባድ ጉዞ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ቢያደርስ ነው። ከዚያ በኋላ የምትሄዱት መንገድ ላይ በበላችሁት ነው። በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 25 ግራም አለው። የእኛ በሶ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ከማርና ከትንሽ ጨው ጋር ታሽቶ በሁለት ጉርሻ እንዲያልቅ አድርጋችሁ ድቦልቡሉት፣ ለየብቻው ጠቅልሉት። አንድ ጥንቃቄ አለው። ደረቅ ከሆነ ያንቃል፤ እየነዱ ማነቅ ደግሞ አደገኛ ነው። ለስለስ አድርጉት፣ ከውሃ ጋር ብሉት። ከተነሳችሁ 20 ደቂቃ ላይ ጀምሩ፣ በየ20 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ። የእጅ ሰዓታችሁ እንዲጮህ አድርጉት፤ ሆድ እስኪናገር አትጠብቁ። ውሃ በሰዓት ከግማሽ ሊትር አይነስ። ወደ አዲስ ዘመን በሚወርደው ሞቃት መንገድ ላይ ከዚያም ይበልጣል፣ ጨውም ጣል አድርጉበት።

የጾም ቀን በውድድሩ ውስጥ ቢወድቅስ? በሶው፣ ሙዙና ዳቦው የጾም ነው። ጥያቄው ሰዓቱ ነው። እስከ ቀትር ሳይበሉ 100 ኪሎ ሜትር መወዳደር ለጤናም አደጋ አለው። ይህን ቀድማችሁ ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት። መነሻው ላይ ቆሞ የሚወሰን ነገር አይደለም።

መስመሩን ሲያልፉ ውድድሩ ያለቀ መምሰል

ከሁሉም አጥብቄ የምናገረው ስለዚህ ነው። የብዙ ቀን ውድድር ከመድረሻው መስመር እስከ ማግስቱ መነሻ ባለው ጊዜ ውስጥም ይሸነፋል። ኤርትራዊውን ብስክሌተኛ ቢኒያም ግርማይን አስታውሱ። በ2022 እ.ኤ.አ. የጣሊያኑን ትልቅ ውድድር፣ የጂሮ ዲታሊያን 10ኛ ምዕራፍ አሸነፈ። ከሦስቱ ታላላቅ ውድድሮች በአንዱ ምዕራፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። መድረክ ላይ የከፈተው ጠርሙስ ቡሽ ዓይኑን መታውና ውድድሩን ለማቋረጥ ተገደደ። ማንም ሊገምተው የማይችል አደጋ ነው፤ እሱም ከዚያ ተመልሶ በ2024 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ምዕራፍ አሸንፎ በነጥብ አንደኛ ለሚወጣው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ወስዷል። እኔ ግን ከብስክሌት በወረድኩ ቁጥር ያ ቡሽ ትዝ ይለኛል። ገና አላለቀም።

ደባርቅ ስገባ ምን አደረግኩ? በላብ የራሰ ማሊያ ለብሼ ሁለት ሰዓት ቆሜ አወራሁ። ቡና ጠጣሁ። ከተማውን ዞሬ አየሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ የደባርቅ ብርድ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ማታ የበላሁት ደግሞ በርበሬ የበዛበት ወጥ ነበር፤ ሌሊቱን ሆዴ አላስተኛኝም።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። መስመሩን እንዳለፍኩ ደረቅ ልብስ እለብሳለሁ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እበላለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ። ገላዬን ታጥቤ እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እተኛለሁ። ወሬው ይደርሳል። እራት ላይ እንጀራ በአልጫ ወይም በለዘብ ያለ ሽሮ በደንብ እበላለሁ። ጋቢ ይዤ እሄዳለሁ። ብስክሌቱን ሳይመሽ አያለሁ፤ ካቴናውን ጠርጌ ዘይት እቀባለሁ፣ ጎማው ላይ ስባሪ ነገር ተሰክቶ እንደሆነ በጣቴ እዳስሳለሁ። የማግስቱን ልብስና ምግብ ደርድሬ እተኛለሁ።

አዲስ ዕቃ ይዞ መምጣት

ለውድድሩ ክብር ብዬ አዲስ ኮርቻ ገዝቼ ነበር። በሁለተኛው ቀን መቀመጥ አቃተኝ። ኮርቻ፣ ጫማ፣ ቁምጣ፣ ምግብም ቢሆን በልምምድ ሳትፈትኑት ወደ ውድድር አታምጡት። ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ስትለብሱ ከስር ሌላ የውስጥ ልብስ አይለበስም። ቫዝሊን ተቀቡ። ቢያንስ ሁለት ቁምጣ ያዙ። በብርድ አገር የታጠበ ቁምጣ እስከ ጠዋት አይደርቅም፣ እርጥብ ቁምጣ ደግሞ ቁስል ያመጣል።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ ከውድድሩ በኋላ፣ ብስክሌቴን የሚሠሩልኝ ጋሼ ናቸው። ቀድሜ ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበር። አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች። እውቀቱ የቆየ ነው። ብዙው ግን በየጥገና ቤቱ በር ላይ ወንበር ይዞ ተቀምጧል። ሄዳችሁ ጠይቁ።

ቁልቁለትን እንደ እረፍት መቁጠር

ከደባርቅ ጎንደር ስንመለስ የወደቁትን ልጆች ያየሁት ዳገት ላይ አልነበረም። ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት ይያዛል፣ መታጠፊያው ውስጥ ይለቀቃል። መንገዱ ተዘግቷል ቢባልም ከብትና አህያ ሕግ አያውቁም። ቁልቁለት ላይም ፔዳሉን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ፣ እግር በብርድ እንዳይደርቅ።

በመጥፎ ጠዋት ተስፋ መቁረጥ

ሦስተኛው ቀን ከባድ ነው። ጠዋት እግሬ እንጨት ሆኖ ነበር፤ ላቋርጥ ወስኜ ነበር ማለት ይቻላል። ማክሰኚትን ስናልፍ ተፈታ። ይህ ብዙዎች ላይ ይሆናል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ ሰዓት በፊት አትወስኑ። ወደ ኋላ ከቀራችሁም ብቻችሁን አትቅሩ። እንደ እናንተ የቀሩትን ፈልጋችሁ ተያያዙ፣ ነፋሱን ተራ በተራ ቁረጡ። ለመድረሻ የተወሰነ የሰዓት ገደብ አለ። ከእሱ ውጪ የገባ በማግስቱ አይሰለፍም። በቡድን ከሄዳችሁ ገደቡ ውስጥ ትገባላችሁ። ሕመም ግን ሌላ ነው። ጉልበት ወይም ደረት የሚወጋችሁ ከሆነ ያለ ሐፍረት ቁሙ።

በመጨረሻው ቀንም መቆጠብ

በአራተኛው ቀን ቁጠባን ተምሬ ነበር። ያለ ልክ ተምሬው ነበር። ሁለት ዙር ሙሉ ከቡድኑ ጭራ ላይ ተደብቄ ሄድኩ። ፒያሳ ላይ ጋሼ ከሰው መሃል ቆመው አዩኝ። «ልጄ! ለመቼ ነው የምታስቀምጠው? ነገ የለም እኮ!» ብለው ጮኹ።

የመጨረሻው ዙር ነበር። ከአዘዞ ሽቅብ ስንመለስ ማርሹን አከበድኩና ከጎን ወጣሁ።