ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ስፖርት መኪና በክሪክ እንዴት ይነሳል?

ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መደገፊያ አይደለም። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህቺን ያዙልኝ። ሜዳ ላይ የሚሠራ ሰው መኪናው ቢንሸራተት ዘወር የሚልበት ቦታ ሊያገኝ ይችላል። በቤት ጋራዥ ውስጥ ግን በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን መደርደሪያ አለ። ስለዚህ ዋናው ሥራ ክሪኩ ከመነካቱ በፊት ያልቃል። መኪናው የት ይቆም የሚለው ላይ ማለት ነው።

ምሳሌዬ ማዝዳ ሚያታ ነው፣ ኤምኤክስ-5 የሚባለው። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ትውልድ፣ ከ1989 እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት። ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ነው። ብዙ ሰው ዘይቱንና ፍሬኑን ራሱ የሚቀይርለት መኪና ነው። የእናንተ ሌላ ከሆነ አሠራሩ ያው ነው። የማንሻ ነጥቦቹ ግን ስለሚለያዩ የመኪናውን መመሪያ ሳታዩ አትጀምሩ።

መጀመሪያ ቦታውን ለኩ። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ የምኖርበት ቤት ጋራዥ 3 ሜትር ስፋት አለው። ሚያታ ወደ 1.68 ሜትር ይሰፋል። የሚተርፈው 1.32 ሜትር ነው። እኩል ከከፈላችሁት በሁለቱም በኩል 66 ሴንቲ ይቀራል፤ በሩን ከፍቶ ለመውጣትም፣ ቁጭ ብሎ ለመሥራትም አይመችም። እኔ በተሳፋሪው በኩል 50፣ በሾፌሩ በኩል 82 ሴንቲ አደርገዋለሁ። 50 ሴንቲ ላይ ጎን ለጎን ቁጢጥ ማለት ይቻላል። ከዚያ ካነሰ ግን ስታንድ (የተነሳውን መኪና የሚደግፈውን የብረት መቆሚያ) ለማስገባት ስትሉ ሳታስቡት ትከሻችሁን መኪናው ሥር ትከታላችሁ። ያ ደግሞ ፈጽሞ መሆን የለበትም።

አፍንጫውን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ አስገቡት። ከፊቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ተዉ፤ የክሪኩ እጀታ የሚንቀሳቀሰው እዚያ ነው። የኋላው ሲነሳ የጋራዡን በር ከፍታችሁ እጀታውን ወደ ውጭ ታስወጡታላችሁ። በሩ በሞተር የሚዘጋ ከሆነ ሶኬቱን ንቀሉት። ሥራ ላይ እያላችሁ ቤት ያለ ሰው ሪሞት ቢነካ በሩ እጀታው ላይ ይወርዳል።

ቀና ብላችሁ ጣሪያውንም እዩ። መኪናው 40 ሴንቲ ከተነሳ በኋላ የኋላ ኮፈኑ ሲከፈት የጋራዡን በር ሐዲድ ሊመታ ይችላል። የመኪናው በርም እንዲሁ ነው። ከፍ ብሎ ሳለ ከፍታችሁት መኪናውን ብታወርዱ ሣጥን ወይም መደርደሪያ ላይ ያርፍና ይጣመማል። በሮቹን ዝጉ፣ መስኮቱን ግን ክፍት ተዉት፤ መሪውን ወይም ማርሹን መንካት ሲያስፈልግ እጃችሁን በዚያ ታስገባላችሁ።

አሁን ወለሉን ጥረጉ። በደንብ ጥረጉ ስል ምክንያት አለኝ። የክሪኩ ክንድ ቀጥ ብሎ አይነሳም፤ ቅስት እየሠራ ነው የሚወጣው። ስለዚህ መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር ክሪኩ በትንንሽ የብረት ጎማዎቹ ከሥሩ መንከባለል አለበት። አንድ ቀን ሳላየው የወደቀ ሮንዴላ ከክሪኩ ጎማ ፊት ገባ። ክሪኩ መንከባለል አቃተው። መኪናው እየተነሳ ነው፣ ክሪኩ ግን እንደ ቆመ ነው። ከዚያ ጭንቅላቱ ብረቱ ላይ ሁለት ጣት ያህል ሸርተት አለ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ከሥር ሰው አልነበረም፣ ወዲያው አወረድኩት። ከዚያ ወዲህ በመጥረጊያ ጠርጌ፣ ደግሜ በእጄ መዳፍ ዳስሼ ነው የምጀምረው። ስንጥቅ ያለበት ሲሚንቶ ላይ፣ ስስ ጣውላ ላይ፣ ምንጣፍ ላይም ችግሩ ያው ነው።

ክሪኩ ዝቅ ያለ፣ ባለጎማ ሃይድሮሊክ ይሁን። ጭንቅላቱ ከ8 እስከ 9 ሴንቲ ድረስ የሚወርድ ከሆነ ያልተነካካ ሚያታ ሥር ይገባል። ሞላው ተቆርጦ የወረደ መኪና ከሆነ ግን 4 ሴንቲ ውፍረት ያላቸው ሁለት ሰፋፊ ጣውላዎች መሬት ላይ አድርጉና የፊት ጎማዎቹን ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ጣውላዎቹ ላይ አውጧቸው። ያቺ 4 ሴንቲ ትበቃለች።

ስታንድ አራት ያስፈልጋል። ሲገዙ የሚጻፈው ቶን ለአንዱ ነው ወይስ ለጥንዱ የሚለውን አንብቡ። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስታንዶች ከገበያ ተሰብስበዋል፤ ከፍታውን የሚይዘው ጥርሳቸው በደንብ ስለማይነክስ በድንገት ዝቅ ሊሉ ይችሉ ነበር። በምትካቸው ከተሰጡት መካከል ደግሞ በብየዳ ጉድለት እንደገና የተሰበሰቡ ነበሩ። ስለዚህ ከጥርሱ በተጨማሪ ወፍራም የብረት ዘንግ በቀዳዳ የሚሰካበትን ምረጡ። ብሎኬት ግን በፍጹም! አገር ቤት ብሎኬት ላይ የተቀመጠ መኪና ያላየ የለም። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሸክም ሲበዛበት አስቀድሞ ሳይሰነጠቅ ባንዴ ይፈርሳል።

ቀጥሎ ታኮ፣ ጎማ እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚሸጎጠው። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ሚያታ የሚነዳውም በኋላ ስለሆነ ማርሽ ውስጥ መግባቱ የሚይዘው ያንኑ የኋላውን ነው። ማለትም የኋላው ጎማ ከመሬት ሲነሳ ሁለቱም መያዣዎች አብረው ይጠፋሉ። ለዚህ ነው ከፊት የምጀምረው። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ። የአሜሪካ ጋራዥ ወለል ውሃው እንዲወጣ ወደ በሩ ትንሽ ያዘነብላል፤ ስለዚህ በበሩ በኩል ያለው ታኮ ጠበቅ ይበል። ጎማ የምትፈቱ ከሆነም ዳዶዎቹን አሁን፣ መሬት ላይ እያለ፣ ግማሽ ዙር አላሉ።

ፊቱ የሚነሳበት ቦታ ሞተሩ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደመው ወፍራም ብረት ነው፣ መሃሉ ላይ። የዘይት ኮፓው ብዙም ስለማይርቅ በባትሪ መብራት እያያችሁ ጭንቅላቱን አስተካክሉ። በጠባብ ቦታ የመሃል ነጥብ ትልቁ ጥቅሙ ክሪኩ በጎን መግባት አለማስፈለጉ ነው። እጀታው መጀመሪያ ላይ ፓራውልቱን ከሥር ይነካል፤ ጨርቅ ጠቅልሉበትና አጭር አጭር አድርጋችሁ አንቀሳቅሱት። ጥቂት ሴንቲ ከወጣ በኋላ ይለቃችኋል። ስታንዶቹ ግን ከዚህ በፊት ግራና ቀኝ ቦታቸው አጠገብ መቀመጥ አለባቸው። መኪናው ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ዕቃ ፍለጋ አትዙሩ።

ስታንዱ የሚገባው ከፊት ጎማው ኋላ፣ በበሩ ሥር ባለው የላሜራ ጠርዝ ላይ፣ በሁለቱ ጎድጎድ ባሉ ምልክቶች መካከል ነው። መሃሉ ላይ ስንጥቅ የተበጀለት ወፍራም የላስቲክ ቁራጭ ጣልቃ አስገቡ፤ ጠርዙ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ አይታጠፍም። ሚያታ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ሁለት ሻንሲ የሚመስሉ ብረቶች አሉ። አያታልሏችሁ፤ ስስ ላሜራ ናቸው፣ ክሪክ ይጨፈልቃቸዋል። ስታንዱን ስታስገቡ እግሩን ከታች ይዛችሁ ግፉት፤ እጅም ጭንቅላትም ከላሜራው ሥር አይገባም።

የመጀመሪያውን ጊዜ በዝቅተኛው ጥርስ ላይ አሳርፉት። ቀጥሎ ከኋላ ዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ሣጥን) መሃል ላይ አንሱ፣ ስታንዶቹን ከኋላ ጎማ ፊት ባለው ጠርዝ አስገቡ። ከፍ እንዲል ከፈለጋችሁ ተመልሳችሁ ፊቱን፣ ከዚያ ኋላውን ጨምሩ። አንዱን ወገን ባንዴ ብዙ ብታነሱ የሌላው ወገን ስታንዶች ያዘነብላሉ።

አራቱም ላይ ሲቀመጥ እያንዳንዱን ስታንድ እዩ። ሦስቱ ወይም አራቱ እግሮች መሬት ነክተዋል? ከዚያ መኪናውን በዳሌያችሁ ግፉት፣ ጠንከር አድርጋችሁ። መነቃነቅ ካለበት አሁን፣ ውጭ ሆናችሁ ሳለ ይነቃነቅ። የፈታችሁትን ጎማ በጎኑ አስተኝታችሁ በመኪናው በር ሥር አስገቡት። ክሪኩንም ዲፈረንሻሉን በቀስታ እስኪነካ አድርሳችሁ ተዉት። ልጆች ወደ ጋራዡ የሚገቡበትን በር ቆልፉ። መኪና ሥር ስትገቡ ቤት ውስጥ ያለ አንድ ሰው ይወቅ፣ ስልካችሁም ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። ሞተሩንም በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አታስነሱ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይሸት ይገድላል።

ስታወርዱ ከኋላ ጀምሩ። በቅድሚያ ወለሉን እንደገና ዳስሱ፤ ስትሠሩ ዳዶና ቡሎን ወድቆ ይሆናል። ከስታንዱ ላይ እስኪላቀቅ ድረስ ብቻ አንሱት፣ ስታንዶቹን አውጡ፣ እጀታውን በጣም በቀስታ አዙሩ። ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ ወደ ጎን መንሸራተት ስለማይችሉ መኪናው መጀመሪያ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሲነዳ ይመለሳል። የኋላው መሬት እንደ ነካ የእጅ ፍሬኑና ማርሹ መያዛቸውን አረጋግጡ፣ ታኮውን መልሱ፣ ከዚያ ወደ ፊቱ ሂዱ።

ዳዶዎቹን በመጨረሻ ጎማው መሬት ላይ ሆኖ፣ አንዱን ካጠበቃችሁ ወደ ትይዩው እየሄዳችሁ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው መፍቻ) አጥብቁ። ለነዚህ ሚያታዎች ልኩ ከ88 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ነው። 80 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ የአራቱንም ጎማ ዳዶዎች ደግማችሁ ሞክሩ።