በቆሎ መሃል ቦሎቄ

ጅማ አካባቢ በቆሎ ያለ ዩሪያ የምትዘሩ፣ መስመሩ መሃል ቦሎቄ ጣል አድርጉበት። በ75 ሳንቲሜትር ለተዘራ በቆሎ መሃሉ ላይ አንድ መስመር ይበቃል። ቆሞ የሚያድገውን ዓይነት ምረጡ፤ ሐረግ የሚያወጣው በቆሎው ላይ ተጠምጥሞ ያጎብጠዋል።

ቦሎቄው አበባ ሲያወጣ አንዱን በቀስታ ቆፍራችሁ ሥሩን እዩ። ትንንሽ እብጠቶች አሉት። አንዷን በጥፍር ሰንጠቅ አድርጓት። ውስጧ ቀላ ካለ ከአየር ናይትሮጅን (ዩሪያ የሚሰጠውን ያንኑ ምግብ) እየያዘ ነው። ነጣ ወይም አረንጓዴ ካለ አልሠራም ማለት ነው፤ የኛ አገር አፈር አሲድ ስለሚበዛበት ኖራ ፈልጎ ይሆናል።

ሲደርስ ታዲያ አትንቀሉት! (ልማዳችን መንቀል ነው፣ አውቃለሁ።) ከአፈሩ በላይ እጨዱትና ሥሩ እዚያው ይበስብስ። ለሚቀጥለው በቆሎ ናይትሮጅን የሚተርፈው ከሱም ነው።