የጠመንጃን ርግጫ በገመድ ለካሁት

አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው፣ የባሩዱን ጋዝ ወደ ጎን የሚያስወጣው ብሬክ ርግጫውን በእርግጥ ይቀንሳል? ትከሻ ለዚህ ምስክር አይሆንም፤ ሲደክም ሁሉም ይመታዋል።

መፍትሔው ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የገዛሁት ገመድ ሆነ። ፈቃድ ያለውን ጠመንጃዬን አሸዋ በተጫነበት የእንጨት አልጋ ላይ ጠፍሬ በአራት እኩል ገመዶች ሰቀልኩት። በአንድ ገመድ ይሽከረከራል፣ ልኬቱም ይዋዥቃል። ጥይቱን በሚያስቀር የአፈር ጉብታ ፊት ለፊት፣ ምላጩን ከርቀት በሲባጎ ሳብኩ። አልጋው ወደ ኋላ ሲሄድ የገፋት ቀላል ካርቶን ማስመሪያው ላይ ቆማ ትቀራለች።

ያለ ብሬክ 20 ሳንቲሜትር፣ ከብሬክ ጋር 15። ደስ አለኝ! ውዝዋዜው ትንሽ ከሆነ ርቀቱ ግፊቱን ይከተላል፤ ጉልበቱ ግን የርቀቱን ስኩዌር። ስለዚህ ግፊቱ በሩብ ሲቀንስ ጉልበቱ 44 በመቶ ገደማ ወረደ።

ብሬኩ ሲወልቅ ክብደቱን የሚያክል አሸዋ ጨምሩ። ጆሯችሁንም በደንብ ሸፍኑ፤ ብሬክ ጩኸቱን ወደ ተኳሹ ይመልሰዋል።