የሂንዱ ቤተ መቅደስ ተጠቃ የሚል ዜና ሲደርስዎ፦ ስለ ፓኪስታንና ስለ ባንግላዴሽ አናሳ ማኅበረሰቦች በጥንቃቄ ለመጻፍ

ከፓኪስታን ወይም ከባንግላዴሽ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ተቃጠለ የሚል ወሬ ሲመጣ፣ ወደ አማርኛ አንባቢ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ የቦታ ስም፣ የተሰበሰበ ሕዝብና እሳት ብቻ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ዜና ለሚዘግቡ፣ ለሚተረጉሙና ለሚያጠኑ ሰዎች ሲሆን፣ መነሻ ሐሳቡም አንድ ነው፦ የአንድ ቤተ መቅደስ ጉዳይ ከቃጠሎው ዕለት ብዙ ዓመታት ቀድሞ ይጀምራል፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመታት ይቀጥላል፤ ስለዚህ ጸሐፊው ሁለቱንም ጫፍ መፈለግ አለበት። እዚህ ላይ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ቃላትዎን በጥንቃቄ ይምረጡ። በዕለት ንግግራችን «ህንድ» የሚለው ቃል ለአገሩም፣ ለሰውየውም፣ አንዳንዴም ለሃይማኖቱ ያገለግላል። በጽሑፍ ግን «ህንዳዊ» የአገር፣ «ሂንዱ» የሃይማኖት መጠሪያ መሆናቸውን ለይቶ መያዝ ግድ ነው። በሲንድ ክፍለ ሀገር የሚኖር ሂንዱ ገበሬ ፓኪስታናዊ ነው፤ እርሱን «ህንዳዊ» ብሎ መጻፍ የቃል ስህተት ብቻ ሳይሆን፣ የጠላት አገር ወገን ነህ እያሉ የሚያሳድዱትን ሰዎች ክስ ሳያውቁ መድገም ነው። «ጣዖት» የሚለውንም ቃል ያስወግዱ። በአማርኛ ይህ ቃል ከመጽሐፍ ቅዱስም ከእስልምና ትምህርትም የወረሰው የውግዘት ድምፅ አለው፤ አማኞቹ «ሙርቲ» ስለሚሉት፣ «የአምላክ ምስል» ብሎ ማስረዳት ይበቃል። በባንግላዴሽ ደግሞ ዱርጋ ለተባለችው የሂንዱ አምላክ በሚከበረው በዱርጋ ፑጃ በዓል ወቅት የሚጠቃው ሁልጊዜ ቋሚ ቤተ መቅደስ አይደለም፤ ለበዓሉ ተብሎ በቀርከሃና በጨርቅ የሚሠራ ጊዜያዊ መስገጃም ይጠቃል። ለዚህ «ዳስ» የሚል ያማረ ቃል ስላለን ልንጠቀምበት ይገባል።

ቁጥር ሲጠቅሱ ከየት እንደተቆጠረ ይመልከቱ። በ2023 የፓኪስታን ሕዝብና ቤት ቆጠራ በሂንዱነት የተመዘገቡት 3.9 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ በሂንዱ ማኅበረሰብ ዝቅ ተደርገው የሚታዩትና «የተመደቡ ዘውጎች» በሚል በሌላ ረድፍ የተቆጠሩት ደግሞ 1.3 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ሁለቱ ሲደመሩ ከሕዝቡ ከ2 በመቶ ጥቂት ይበልጣሉ፤ የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ የሚወስድ ጸሐፊ ግን ከሁሉ ድሃ የሆኑትን ያስቀራል። የአናሳዎች ድርሻ በፓኪስታን ከ23 በመቶ ወደ ጥቂት በመቶ ወረደ የሚለውን ተደጋጋሚ አባባል አይቀበሉ፤ ትልቁ ቁጥር ያኔ ምሥራቅ ፓኪስታን የተባለችውን የዛሬዋን ባንግላዴሽ ስለሚጨምር ንጽጽሩ የማይመሳሰሉትን ያወዳድራል። በባንግላዴሽ ግን መቀነሱ እውነት ነው፤ በ1951 ከመቶ 22 የነበሩት ሂንዱዎች በ2022 ቆጠራ 7.95 በመቶ ሆነዋል። ምክንያቱም ጥቃት ብቻ አይደለም፤ የ1947ቱ የህንድና የፓኪስታን ክፍፍል ያስከተለው ረጅም ስደት፣ ባንግላዴሽ ከፓኪስታን የተለየችበት የ1971 ጦርነት፣ የወሊድ ምጣኔ ልዩነትና ቀጥሎ የምናየው የመሬት ጉዳይ ሁሉ ገብተውበታል።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜዎን በመሬቱ ላይ ያውሉ። ካርታው በማን ስም ነው? በክርክር ላይ ነው? ዙሪያውን ማን ይፈልገዋል? በ1947 ሚሊዮኖች ወደ ህንድ ሲሰደዱ ትተዋቸው የሄዱትን ቤተ መቅደሶችና ንብረቶቻቸውን በፓኪስታን የሚያስተዳድር የመንግሥት ቦርድ አለ፤ ምእመን ያጣ ቤተ መቅደስ መኖሪያ፣ ሱቅ ወይም ትምህርት ቤት ሆኖ የሚገኘው በዚህ ታሪክ ውስጥ ነው። በባንግላዴሽ ምድር ደግሞ በ1965 የህንድና የፓኪስታን ጦርነት ጊዜ «የጠላት ንብረት» የተባለ ሕግ ወጣ። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላም በ1974 ስሙን ለውጦ ቀጠለ፤ ንብረቱን ለባለቤቶቹ የሚመልስ ሕግ የጸደቀው በ2001 ሲሆን፣ ይኸውም እንደገና መሻሻል አስፈልጎት እስከ 2011 ቆይቷል። በዚህ ሕግ አንድ ወንድም ወደ ህንድ ቢሻገር አገሩ ላይ የቀሩት ወንድሞች ርስት ጭምር በመዝገብ ሊወሰድ ይችል ነበር። እንግዲህ የቤተ መቅደስ ቅጥር በሌሊት ፈረሰ ሲባል ጥያቄው የሃይማኖት ጥላቻ ብቻ ሳይሆን የርስትም ሊሆን እንደሚችል ልብ ይበሉ።

በፓኪስታን ኸይበር ፓኽቱንኽዋ ክፍለ ሀገር፣ በካራክ ወረዳ፣ ቴሪ በምትባል መንደር የሚገኘው የአንድ ሂንዱ ቅዱስ መካነ መቃብር ይህን በሚገባ ያሳያል። በታኅሣሥ 30 ቀን 2020 ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ስፍራውን አፈረሰው፣ አቃጠለውም፤ ዓለምም ያን ዕለት ብቻ አየ። ነገር ግን ስፍራው በ1997ም ፈርሶ ነበር፤ ምእመናኑ ለዓመታት ተከራክረው፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲታደስ ካዘዘ በኋላ ነበር ሁለተኛው ጥቃት የደረሰባቸው። በጥር 2021 ፍርድ ቤቱ እንደገና እንዲሠራና ወጪው ከአጥቂዎቹ እንዲመለስ ወሰነ፤ በኅዳር 2021 ዲዋሊ የተባለው የሂንዱዎች የብርሃን በዓል ሲከበርበት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጉልዛር አሕመድ ራሳቸው ተገኝተዋል። የአንድ ቀኑን እሳት ብቻ የዘገበ ሰው የሃያ አራት ዓመት ሙግት ትቷል፤ የምእመናኑን ጽናትም አብሮ ትቷል፣ ይህም በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋው ግድፈት ነው።

ጉዳት ያለ ሕዝብና ያለ ድንጋይም ይደርሳል። በፓኪስታን ፓንጃብ የሚገኙት የካታስ ራጅ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች የተቀደሰ ኩሬ ውኃው ጎድሎ በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ሲይዝ፣ ጣት የተቀሰረው የከርሰ ምድር ውኃ በሚስቡ የአካባቢው የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ላይ ነበር።

የጥቃቱ መነሻ ስድብ ወይም የቅዱስ ነገር ድፍረት ነው ከተባለ፣ «ተከሰሰ» እና «አደረገ» የሚሉትን ግሦች አይቀላቅሉ፤ ተሰደበ የተባለውንም ቃል ወይም ምስል ደግመው አያትሙ። በባንግላዴሽ ናሲርናጋር በጥቅምት 2016 ቤተ መቅደሶችና ቤቶች የተዘረፉት በአንድ ሂንዱ ዓሣ አጥማጅ የፌስቡክ ገጽ ወጣ በተባለ ምስል ነበር። በኩሚላ ከተማ በጥቅምት 2021 በአንድ የዱርጋ ፑጃ ዳስ፣ ሃኑማን በተባለው አምላክ ምስል ጉልበት ላይ ቁርኣን ተገኘ ተብሎ ሁከቱ በቀናት ውስጥ እስከ ኖዋኻሊ ደረሰ፤ ፖሊስ ግን በደኅንነት ካሜራ ለይቶ የያዘው ሰው ሂንዱ አልነበረም። በፓኪስታን ራሂም ያር ኻን ወረዳ በነሐሴ 2021 የቦንግ ቤተ መቅደስ የተሰበረው፣ ስምንት ዓመት ገደማ የሆነ ሂንዱ ሕፃን የቅዱስ ነገር ድፍረት ፈጽሟል ተብሎ ተከስሶ በዋስ ከተለቀቀ በኋላ ነው። በግንቦት 2022 ፍርድ ቤት 22 ሰዎችን በአምስት ዓመት እስራት መቅጣቱን ስንቶቻችን ጻፍነው?

ሐሰት ከአንድ ወገን ብቻ እንደማይመጣ የነሐሴ 2024 ነገር ያስተምራል። የባንግላዴሽ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሼክ ሐሲና በነሐሴ 5 ከሥልጣን ሲወርዱ በሂንዱዎች ቤት፣ ሱቅና ቤተ መቅደስ ላይ እውነተኛ ጥቃት ደረሰ፤ በዚያው ሰሞን የቆዩና የሌላ ቦታ ቪዲዮዎች እንደ አዲስ ተሰራጩ። የአገሪቱ የሂንዱ፣ የቡድሃና የክርስቲያን አንድነት ምክር ቤት ከነሐሴ 4 እስከ 20 ድረስ 2,010 ክስተቶችን ሲቆጥር፣ ፖሊስ በኋላ ባወጣው ሪፖርት አብዛኞቹ ፖለቲካዊ መሆናቸውን ገለጸ። ሁለቱን አብረው ያቅርቡ፤ «ፖለቲካዊ» መባሉ የተቃጠለበትን ሰው ቤት እንደማይመልስለትም ይጻፉ። ሙስሊም ጎረቤቶችና ተማሪዎች ሌሊቱን ቤተ መቅደስ ሲጠብቁ ማደራቸው የዚያው ታሪክ ክፍል ስለሆነ ሊቀር አይገባም። ምስል ሲመረምሩ በግድግዳና በሱቅ ሰሌዳ ላይ ያለውን ፊደል ይዩ፤ የባንግላዴሹ ቤንጋሊ፣ ሂንዲ የሚጻፍበት ዴቫናጋሪና ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈው ኡርዱ የተለያዩ ናቸው፤ መለየት ካልቻሉ የሚያነብ ሰው ይጠይቁ።

ሰዎችን ሲያነጋግሩ በከተማ ያሉ የማኅበር መሪዎችን ብቻ አይስሙ። በሲንድ ገጠር ያሉት ቢልና ኮልሂ የመሳሰሉ ማኅበረሰቦች ብዙዎቹ በዕዳ ተይዘው በሌላ ሰው እርሻ የሚሠሩ ናቸው፤ የቤተ መቅደስ ጥቃት ከሚያሳስባቸው በላይ ሴት ልጃቸው ተወስዳ ሃይማኖት ለውጣ ተዳረች መባሉ ሊያሳስባቸው ይችላል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገጥም የልጅቱን ስምና የመንደሯን ስም አይጻፉ፤ ዕድሜዋን የሚያሳይ ሰነድ መኖሩን ግን ይጠይቁ። የሂንዱ ጋብቻ በሕግ የሚመዘገብበት ሥርዓት በሲንድ የወጣው በ2016፣ በፌዴራል ደረጃ ደግሞ በ2017 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተጋቡ ብዙ ቤተሰቦች ሰነድ የላቸውም።

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ፋይሉን አይዝጉ። ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላ ተመልሰው አምልኮው መጀመሩን፣ ጠባቂ መመደቡን፣ ካሣ መከፈሉን፣ የታሰሩት ምን እንደተፈረደባቸው ይጠይቁ። የፓኪስታን ጦር በመጋቢት 1971 ያወደመው የዳካው ራምና ካሊ ቤተ መቅደስ በህንድ እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው በታኅሣሥ 2021 ነው።