በትናንሽ የሮም ነሐስ ሳንቲሞች ላይ ያለውን ሥዕል እንዴት ማንበብ ይቻላል?

በታላቁ ቆስጠንጢኖስና በልጆቹ ዘመን የተመቱት ትናንሽ ነሐሶች ከጥፍር እምብዛም አይበልጡም፤ ብዙዎቹ ከ15 እስከ 18 ሚሊሜትር ናቸው። የዙሪያው ጽሑፍ ቀድሞ ስለሚፋቅ ከሥዕሉ መጀመር ያዋጣል። 10 ጊዜ የሚያጎላ ሌንስና መብራት ይበቃል።

1. በሎሚና በኮምጣጤ አይጠቡት። አሲዱ አረንጓዴውን ሽፋን ሲበላ በላዩ የቀረውን ቅርጽ አብሮ ይወስዳል። ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ውሃውን በየቀኑ ይቀይሩ፤ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ብቻ። እንደ ዱቄት የሚረግፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ካዩ ብረቱ እየተበላ ነውና ለብቻው፣ በደረቅ ቦታ ያስቀምጡት።

2. መብራቱን ከጎን፣ ዝቅ አድርገው ያብሩ። ከላይ በቀጥታ ከበራ ጥላ ስለማይኖር ቅርጹ ይጠፋል።

3. ጀርባውን ያዙሩ። ዋናው ሥራ እዚህ ነው።

ሁለት ወታደሮች ፊት ለፊት ቆመው ከሆነ «ግሎሪያ ኤክሰርኪቱስ»፣ የሠራዊቱ ክብር፣ የሚባለው ነው። በመካከላቸው ያሉትን ሰንደቆች ይቁጠሩ፦ ሁለት ከሆኑ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 335 ገደማ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ)፣ አንድ ከሆነ ከዚያ በኋላ እስከ 341 ገደማ። በ335 አካባቢ ሳንቲሙ ክብደት ስለተቀነሰበት ጠበበ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ጦሩን እንደ ሰንደቅ ሲቆጥር ነው፤ ጦሩ በወታደሮቹ ውጭ በኩል ያለ ቀጭን ዘንግ ሲሆን ሰንደቁ ግን ጨርቅ አለው።

ሁለት ሕፃናት የምታጠባ ተኩላ ሮምን፣ በመርከብ ፊት ላይ የቆመች ክንፋም ድል (የሮማውያን የድል አምላክ) አዲሲቱን ቁስጥንጥንያን ታመለክታለች። በእነዚህ ሳንቲሞች የፊት ገጽ ላይ ያለችው የራስ ቁር የደፋች ሴት ንግሥት ሳትሆን ከተማዋ ራሷ ናት። ከ348 ጀምሮ ደግሞ ወታደር ከፈረስ የሚወድቀውን ጠላት ሲወጋ ይታያል፤ ጽሑፉ «የመልካም ዘመን መመለስ» ማለቱ ያስገርማል። በዚያው መቶ ዓመት ኢዛና በአክሱም ሳንቲም ላይ ጨረቃውን በመስቀል ሲተካ፣ የሮም ትንሽ ነሐስ ክንፋሟን ድል አልለቀቀም።

4. ከሥዕሉ በታች፣ ከመስመሩ ሥር ያሉት ፊደላት የተመታበትን ከተማ ይነግራሉ። «ኮንስ» (CONS) ብሎ ከኋላው የክፍሉ ፊደል፣ ማለትም ሳንቲሙን የመታውን የሥራ ክፍል የሚለይ ፊደል፣ ከተከተለ ቁስጥንጥንያ ነው። «ኮንስት» (CONST) ሆኖ የክፍሉ ፊደል ከፊቱ ከቀደመ ግን ከ328 ጀምሮ ቆስጠንጢና ተብላ የተጠራችው የጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ) ከተማ አርል ናት።