የማኒላን የከንቲባና የምክር ቤት ምርጫ እንዴት መከታተል ይቻላል

የፊሊፒንስ ከተሞች ከንቲባና ምክር ቤት የሚመርጡት በየሦስት ዓመቱ፣ በሜይ ወር ሁለተኛው ሰኞ ነው። ያለፈው ሜይ 12 ቀን 2025 (ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.) ነበር፤ የሚቀጥለው ሜይ 8 ቀን 2028 ይሆናል። እስከዚያ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ማኒላን እንያዝ። ከ1 ሚሊዮን በላይ የተመዘገቡ መራጮች አሏት፣ የፖለቲካዋ ድራማም አያልቅም። ብዙ ሰው የሚከታተለው የከንቲባውን ፉክክር ብቻ ነው። እኔ ግን ዓይናችሁን ምክር ቤቱ ላይ እንድትጥሉ እመክራለሁ፤ ያሸነፈው ከንቲባ እጁ መታሰሩና አለመታሰሩ የሚለየው እዚያ ነውና።

1. ወንበሮቹን ቁጠሩ

የማኒላ ሕዝብ ከንቲባውን በቀጥታ ይመርጣል፤ ምክር ቤት ተሰብስቦ የሚሾመው አይደለም። ምክትል ከንቲባውም ለብቻው ይመረጣል። ስለዚህ ከንቲባው ከአንዱ ቡድን፣ ምክትሉ ከተቀናቃኙ ቢመጡ የሚከለክል ነገር የለም። ምክትሉ ደግሞ ለስሙ ብቻ የተቀመጠ ሰው አይደለም፤ የምክር ቤቱን ስብሰባ የሚመራው እሱ ነው።

ምክር ቤቱ የሚመረጠው በወረዳ ነው። ማኒላ 6 ወረዳዎች አሏት። 1ኛውና 2ኛው ቶንዶን ይከፋፈላሉ፤ 3ኛው ቢኖንዶንና ኪያፖን ይይዛል፤ 4ኛው ሳምፓሎክ ነው፤ ኤርሚታና ማላቴ 5ኛው ውስጥ፣ ፓንዳካንና ሳንታ አና 6ኛው ውስጥ ይገኛሉ። እያንዳንዱ ወረዳ 6 ሰው ስለሚልክ ተመራጮቹ 36 ይሆናሉ። በዚህ ላይ የባራንጋይ ሊቃነ መናብርት ማኅበር ፕሬዚዳንትና የወጣቶች ምክር ቤቶች ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት በሥልጣናቸው ወንበር ያገኛሉ። ባራንጋይ ለእኛ ቀበሌ የሚቀርብ እርከን ነው፤ የራሱ ምርጫ አለው፣ በሌላ ቀን።

ሌሎች ከተሞችን ለምትከታተሉ፦ ኬሶን ሲቲ እንደ ማኒላ ከ6 ወረዳ ስድስት ስድስት፣ ዳቫዎ ከ3 ወረዳ ስምንት ስምንት፣ ሴቡ ከ2 ወረዳ ስምንት ስምንት ይመርጣሉ።

2. ማን እንደሚመርጥና ማን እንደሚወዳደር እወቁ

ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላት፣ በአገሪቱ ቢያንስ 1 ዓመት፣ በከተማው ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። ሕጉ ምዝገባው ከምርጫው 120 ቀን በፊት እንዲዘጋ ይላል፤ ኮሜሌክ የሚባለው የምርጫ ኮሚሽን ግን ከዚያ ቀድሞ ይዘጋዋል። ለ2025ቱ የተዘጋው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ነበር።

በገልፍ አገሮች ከፊሊፒናውያን ጋር የምትሠሩ አንባቢዎች ይህን ሳታዩ አትቀሩም፦ በምርጫ ሰሞን ኤምባሲያቸው ሄደው ወይም በኢንተርኔት ድምፅ ይሰጣሉ። የሚመርጡት ግን ሴናተሮችንና የፓርቲ ዝርዝር የሚባለውን (በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለሰው ሳይሆን ለቡድን የሚሰጥ ድምፅ) ነው፤ በፕሬዚዳንት ምርጫ ዓመት ፕሬዚዳንቱና ምክትሉ ይጨመራሉ። የትውልድ ከተማቸውን ከንቲባ ከውጭ ሆነው መምረጥ አይችሉም።

በማኒላ ለከንቲባም ሆነ ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው 23 ዓመት የሞላው፣ ቢያንስ 1 ዓመት በቦታው የኖረ፣ በፊሊፒኖ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ማንበብና መጻፍ የሚችል መሆን አለበት። ዲግሪ አይጠየቅም። በአንድ ወንበር ላይ ከሦስት ተከታታይ ዘመን በላይ መቆየት ክልክል ነው፤ መውጫ ቀዳዳው ግን ሰፊ ነው። ሦስቱን ዘመን የጨረሰው ከንቲባ ለምክትልነት ይወዳደርና ሚስቱን ወይም ልጁን ለከንቲባነት ያቀርባል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣንን በቤተሰብ መቀባበልን ይከለክላል፣ ዝርዝሩን ግን ለሕግ ትቶታል፤ ሕጉ ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት ሳይወጣ ኖሯል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፦ ሕጉን ማውጣት ያለባቸው የእነዚያው ቤተሰቦች ሰዎች ናቸው።

3. ከፓርቲው ስም ይልቅ የሰዎቹን ታሪክ ተከተሉ

የፓርቲ ስም እዚህ ብዙ አይነግራችሁም። ፖለቲከኞች ፓርቲ የሚቀይሩት በቀላሉ ነው። የሚያዋጣው ማን ከማን ጋር እንደነበረና ለምን እንደተለያየ ማወቅ ነው።

የ2025ቱን ተመልከቱ። ቶንዶ ያደጉት የቀድሞ ተዋናይ ኢስኮ ሞሬኖ በ1998 የምክር ቤት አባል ሆኑ፣ ኋላም ምክትል ከንቲባ። በ2019 የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ኤስትራዳን አሸንፈው ከንቲባ ሆኑ። በ2022 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ወንበሩ ለምክትላቸው ለሐኪሟ ሃኒ ላኩና እንዲሆን ደገፏቸው፤ ላኩናም የማኒላ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆኑ። ኢስኮ ግን ፕሬዚዳንትነቱ ሳይሳካ ሲቀር ተመልሰው መጡ፣ በ2025ም የቀድሞ አጋራቸውን በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ላኩናም ፖለቲካ የጀመሩት በዚያው ምክር ቤት ነው፤ አባታቸው ዳኒሎ ላኩናም የከተማዋ ምክትል ከንቲባ ነበሩ። የነገውን ከንቲባ መገመት የሚፈልግ ሰው ዛሬ ምክር ቤት ውስጥ የተቀመጡትን ቢያይ ይሻለዋል።

4. በቅስቀሳው ወቅት ገንዘቡን ተመልከቱ

የአካባቢ ዕጩዎች ቅስቀሳ 45 ቀን ገደማ ነው። በ2025 ከማርች 28 እስከ ሜይ 10 ነበር፤ በጸሎተ ሐሙስና በስቅለት ቀን መቀስቀስ አይፈቀድም። መንገዱ በሙዚቃ ይሞላል፦ የታወቀ ዘፈን ዜማ ይወሰድና ግጥሙ በዕጩው ስም ይተካል፣ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪናም ቀኑን ሙሉ ሲያስጮኸው ይውላል። የፖስተር መጠን ከ2 በ3 ጫማ አይበልጥም፣ ዛፍ ላይ መለጠፍም ክልክል ነው። ክልከላው ምን ያህል እንደሚከበር ማንኛውንም የማኒላ መንገድ አይቶ መፍረድ ይቻላል።

ወጪውም በሕግ ተገድቧል። ፓርቲ ያለው ዕጩ በአንድ የተመዘገበ መራጭ 3 ፔሶ፣ ፓርቲ የሌለው 5 ፔሶ ነው የሚፈቀድለት። ለማኒላ ከንቲባ ሲሰላ ከ3 ሚሊዮን ፔሶ ትንሽ ይበልጣል። ገደቡ የወጣው በ1991 ስለሆነ በዛሬ ዋጋ የሚስቅበት ብዙ ነው። አሸናፊውም ተሸናፊውም በ30 ቀን ውስጥ የወጪ ሪፖርት ማቅረብ አለባቸው፤ ሪፖርት ያላቀረበ አሸናፊ ሥራ መጀመር አይችልም።

ከሪፖርቱ ውጭ የሚቀረው የድምፅ ግዢ ነው። የተለመደው መንገድ የናሙና ድምፅ መስጫ ወረቀት ነው፦ የቡድኑ ዕጩዎች ስም ተሞልቶ የታተመ ቁራጭ ወረቀት፣ አንዳንዴም ብር ተያይዞበት። ወረቀቱን ማደል ራሱ ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ የተያያዘው ብር ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም ይጠየቁበታል።

5. በምርጫው ቀን መራጩን ደረጃ በደረጃ ተከተሉ

ዋዜማውንና የምርጫውን ቀን መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው። ምርጫ ጣቢያዎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍሎች ናቸው፣ አስፈጻሚዎቹም በአብዛኛው አስተማሪዎች። በ2025 በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ አግኝተዋል፤ ከዚያ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ለሁሉም ክፍት ነበር።

መራጩ ስሙን ይናገራል፣ መዝገቡ ላይ ይፈርማል። ጣቱ ላይ ቀለም አለመኖሩ ይታይና የድምፅ መስጫ ወረቀት፣ የሚሸፍንበት ፎልደርና ማርከር ይሰጠዋል። ወረቀቱ ረጅም ነው። በ2025 የማኒላ መራጭ 12 ሴናተር፣ 1 የፓርቲ ዝርዝር፣ 1 የወረዳው የሕዝብ ተወካይ፣ ከንቲባ፣ ምክትል ከንቲባና 6 የምክር ቤት አባላት፣ በድምሩ እስከ 22 ክብ ማጥቆር ይችል ነበር። ስሞቹ በአባት ስም ፊደል ተራ ቁጥር ይዘው ይደረደራሉ፤ ለዚህ ነው ዕጩዎች በየመድረኩ ቁጥራቸውን የሚጮኹት።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከተፈቀደው በላይ ካጠቆራችሁ፣ ለምሳሌ ለምክር ቤት 7 ስም፣ የዚያ ወንበር ድምፃችሁ በሙሉ ይወድቃል፤ የቀረው ግን ይቆጠራል። ከስድስት በታች ማጥቆር ይቻላል። መራጩ ወረቀቱን ራሱ ማሽኑ ውስጥ ያስገባና የታተመውን ደረሰኝ ካነበበ በኋላ እዚያው ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል። ደረሰኙን ይዞ መውጣትም ሆነ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ሻጩ ለገዢው ማስረጃ እንዳያሳይ። በመጨረሻ የጣቱ ጥፍር የማይለቅ ቀለም ይቀባል።

6. የስድስቱን ክብ ሒሳብ ሥሩ

በከንቲባው ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ 50 በመቶ ማለፍ አያስፈልግም፣ ሁለተኛ ዙርም የለም። ምክር ቤቱ ግን የተለየ ነው። አንድ ወረዳ ውስጥ 40 በመቶው መራጭ የአንዱን ቡድን ስድስት ዕጩዎች፣ 35 በመቶው የሌላውን ስድስት ቢያጠቁሩና የቀረው ቢበታተን፣ የመጀመሪያው ቡድን ስድስቱንም ወንበር ጠቅልሎ ሊወስድ ይችላል። ቡድኖች «ሁላችንንም ምረጡን» እያሉ የሚወተውቱት ለዚህ ነው።

የመራጩ ጥቅም ግን ሁልጊዜ ከቡድኑ ጥቅም ጋር አይገጥምም። ስድስተኛ አድርጋችሁ ያጠቆራችሁት ሰው የምትወዱትን ዕጩ በጥቂት ድምፅ ቀድሞ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ከልባቸው የሚፈልጉት አንድ ወይም ሁለት ዕጩ ያላቸው ሰዎች እነዚያን ብቻ አጥቁረው ይወጣሉ። ብልህነት ነው እላለሁ።

7. ማታውንና ከዚያ በኋላ ያለውን ተከታተሉ

ጣቢያው ሲዘጋ ማሽኑ ውጤቱን አትሞ በኢንተርኔት ይልካል። አንድ ቅጂ የክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ታዛቢ ፎቶ አንሥቶ ከተላለፈው ጋር ማመሳከር ይችላል። ፒፒሲአርቪ የሚባለው የካቶሊክ ምዕመናን ማኅበርም የራሱን ማመሳከሪያ ቆጠራ ይሠራል። አሸናፊዎችን የሚያውጀው የከተማው ውጤት አጠቃላይ ቦርድ ነው። ቅሬታ ያለው ተሸናፊ 10 ቀን አለው፤ አቤቱታውን የሚያየው ኮሜሌክ ነው። ሥልጣን የሚረከቡት ጁን 30 እኩለ ቀን ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሚታየው ምክር ቤቱ ነው። ዓመታዊውን በጀት ከንቲባው ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ከንቲባው ደንብ መመለስ ይችላል፤ ምክር ቤቱም ከሁሉም አባላት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊሽረው ይችላል። አብላጫ የሌለው ከንቲባ ቃል የገባውን ሆስፒታልና መኖሪያ ቤት ለመሥራት መለማመጥ ይጠበቅበታል።

ከንቲባው ሥራ ላይ ባይገኝስ? ምክትሉ ይተካል፣ በምክትሉ ቦታ ደግሞ ከፍተኛ ደረጃ ያለው የምክር ቤት አባል ይገባል። ደረጃው የሚወጣው ያገኘው ድምፅ ከወረዳው የተመዘገቡ መራጮች ጋር ተነጻጽሮ ነው። የዳቫዎ ሰዎች ይህን በ2025 በተግባር አይተውታል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱቴርቴ በሄግ ታስረው ሳሉ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ፤ ቃለ መሐላ ለመፈጸም ስላልቻሉ ምክትል ሆኖ የተመረጠው ልጃቸው ሴባስቲያን ተጠባባቂ ከንቲባ ሆነ። የተጠባባቂ ምክትልነቱ ቦታ ደግሞ በምክር ቤት ምርጫ ቀዳሚ ለሆነው ለልጅ ልጃቸው ለሪጎ ደረሰ።